ግድግዳዋ ፈገግ ያለች ዕለት

ማክሰኞ ጠዋት የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊው በሆስፒታሉ የምስል ማንሻ ማሽን ቀለበት ውስጥ በጀርባው ተኝቷል። ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ በቀበቶ ታስሯል። ከወፍራሙ መስታወት ወዲህ፣ ስክሪኑ ፊት፣ የምትወደው ሴት ተቀምጣለች። እሱ ከነጩ ጣሪያ በቀር የሚታየው ነገር የለም። እሷ ግን ትንሽ ቆይታ የጭንቅላቱን ውስጥ ታያለች፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የሁለቱም ዕጣ አለ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ይህችን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም። "ግድግዳዋ" ነው የሚሏት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው አንጎል ምስል ስታነሳ፣ ከማሽኑ የወጣ በሽተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ፊት ነው። አንዳንዱ በዓይኑ ይለምናታል፤ አንዳንዱ "እህቴ፣ እስቲ ደህና ነው በይኝ" ይላታል። ምስሉን ያነሳ ሰው ግን ስለ ምስሉ አይናገርም። ሐኪሞቹ ተሰብስበው ያዩትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ይናገራሉ። ስለዚህ ፊቷን ዘጋችው። ከምስሉ በፊት ለበሽተኞቹ መርፌ የምትወጋው ነርስ፣ "አንቺ እኮ ቤትሽ ቢቃጠል እንኳ 'ሐኪሞቹ ይነግሩኛል' ነው የምትይው" እያለች ትስቅባታለች።

የሰሌዳ ጸሐፊውም ፊት ዝግ ነው፤ የእሱን የዘጋው ግን በሽታው ነው። ገና አርባ ሳይሞላው ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱት የአንጎሉ ሴሎች አንድ በአንድ ይሞቱበት ጀመር። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ እግሩ ከበደው፣ ፊቱ መሳቅም ማዘንም ተወ። የዛሬ ዓመት ሐኪሞቹ ራስ ቅሉን በትንሹ በስተው፣ በቤተ ሙከራ ያደጉ አዳዲስ ሴሎችን ከግራና ከቀኝ በጥልቁ ተከሉለት። ነገሩ እንደ ችግኝ ነው፤ ወይ ይይዛል ወይ ይደርቃል። ግን ማን ከፍቶ ያየዋል? የሚያየው ማሽኑ ብቻ ነው። ሴሎቹ ከያዙ ስክሪኑ ላይ እንደ ፍም ይበራሉ፣ ካልያዙ ጨለማ ነው። ከተከላው በፊት አንድ ምስል ተነሳ፤ በስድስተኛው ወር ሁለተኛው። የዛሬው የመጨረሻው ነው። በስድስተኛው ወር በግራ በኩል ጭላንጭል ታይቶ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉት በዚያች ጭላንጭል ላይ ነው።

ፍቅራቸው የተጀመረው በበሽተኞች ማረፊያ ክፍል ነው። ከመርፌው በኋላ በሽተኛው ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይናገር መቆየት አለበት፤ እሷም በየሩብ ሰዓቱ ብቅ ብላ ታየዋለች። በመጀመሪያው ቀን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስትገባ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ዘረጋላት። "በሩ ላይ 'ጸጥታ ይከበር' ብሎ የጻፈው ሰው ይታሰርልኝ፤ ፊደሎቹ ሰክረዋል" ይላል። ግድግዳዋ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው አልተቋረጠም። የእሱ ጽሑፍ ሲጀምር ትልቅ ነው፤ በበሽታው ጠባይ ግን ወደ ታች በወረደ ቁጥር እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። የመጨረሻውን ቃል በአጉሊ መነጽር ነው የምታነበው። የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ "ናፈቅሽኝ" ነበር።

ዘመድ ወይም ወዳጅ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ማስረከብ ግዴታ ነው። ግድግዳዋ አላስረከበችም። ሆስፒታሉ ውስጥ ከነርሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ያንን ጭንቅላት ሌላ ሰው ከእሷ ቀድሞ እንዲያየው አልፈለገችም። ደግሞም እናቷ አለች። አባቷ የሞተው በዚሁ በሽታ አሥራ አንድ ዓመት ማቅቆ ነው፤ ያስታመመችው እናቷ ናት። እናትየው ልጇ የማንን እጅ እንደያዘች የሰማች ቀን አልጮኸችም። "ያ ማሽንሽ ይዟል ካለ ልጄ ነው፣ ቤቴ ቤቱ ነው። አልያዘም ካለ ግን እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም" አለች።

ምስሉ መጣ።

በቀኝ ጨለማ ነው። በግራም ጨለማ ነው። ያቺ የስድስት ወሯ ጭላንጭል እንኳ የለችም። ግድግዳዋ የበሽተኛውን ቁጥር አየች። መርፌው የተወጋበትን ሰዓት አየች፣ መጠኑን አየች፣ ምስሉን እንደገና አወጣችው። ስህተት ፈለገች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን የገዛ ስህተቷን ተመኝታ አታውቅም።

ነርሷ አንገቷን በበሩ አስገባች። "እ?"

"ሐኪሞቹ ይነግሩታል።"

ነርሷ አየቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ግድግዳዋ ገብታ ቀበቶውን ፈታች። ምስሉ እንዳይበላሽ ከትናንት ማታ ጀምሮ ኪኒኑን አልወሰደም፤ ሰውነቱ እንደ ጣውላ ደርቋል። ዓይኖቹን ግን በሽታው አልነካቸውም። ቀና ብለው ፊቷን አዩ። አልጠየቁም። አዩ፣ ጠበቁ።

እሷም ፈገግ አለች። ጥርሷ እስኪታይ።

"አመሰግናለሁ" አለ በዚያ በሰለለ ድምፁ።

ደግፋ ስታስነሳው የእጁ መንቀጥቀጥ በእጇ ገብቶ እስከ ትከሻዋ ደረሰ። ደስ ያሰኘችው መስሏት ልቧ ለአፍታ ሞቀ። ሙቀቱ ውስጥ ግን አንድ እንደ በረዶ ያለ ነገር ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ አልሟሟ አላት።

*

እናቷ ክፉ ሳታስብ መዋል የማትችል ሴት ናት። ስልክ ሲጮኽ "ማን ሞተ?" ብላ ነው የምታነሳው። ያን ቀን ከሰዓት አንሶላ እየተኮሰች ነበር፤ ልጇ ስትገባ ካውያውን አላስቀመጠችም።

"እህ?"

"ይዟል።"

"በሁለቱም በኩል?"

"በሁለቱም።"

"አንቺው ነሽ ያየሽው? ሰው ነግሮሽ አይደለም?"

"እኔው ነኝ እማዬ። በዓይኔ።"

እናትየው ዓይኗን ከልጇ አልነቀለችም። ካውያው ካለበት አልተንቀሳቀሰም፤ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። ብድግ አድርጋ አነሳችው። አንሶላው ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቷል።

"እዩኝማ! አንሶላ አቃጥዬ የማላውቀዋን ሴትዮ" አለች። ከዚያ የልጇን ግንባር ሳመች፣ ከንፈሯ ደረቅ ነው። "በይ እሁድ ምሳ ይምጣ። ሾርባ እሠራለሁ። ወፈር አደርገዋለሁ፤ ቀጭኑ ትን ይላቸዋል።"

ግድግዳዋ ወደ ጓዳ ገብታ ውሃ ከፈተች። እናቷ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንጎራጉር ይሰማታል። ዜማው ያማረ አልነበረም፤ ጆሮዋ ውስጥ እንደ ሹል ነገር ገባ።

*

ሐሙስ ዕለት ነርሷ ፖስታ አቀበለቻት። "ፖስተኛ አድርጋችሁኝ ቀራችሁ! በሠርጉ ዋናዋ ሚዜ ካልሆንኩ ወዮላችሁ" አለቻት። ግድግዳዋ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ አነበበች።

"የኔ ግድግዳ፣

ኪኒኑን ከዋጥኩ በኋላ እጄ የሚታዘዘኝ ለአርባ ደቂቃ ነው። የዛሬዋን አርባ ደቂቃ ለሰሌዳ አላዋልኳትም፤ ላንቺ ናት። ከዚያ ማሽን ሦስት ጊዜ አውጥተሽኛል። ያ ጭላንጭል የታየ ጊዜ እንኳ ፊትሽ ንቅንቅ አላለም፤ የሰማሁት ከሐኪሞቹ ነው። መልካሙን ወሬ የደበቀችኝ ሴት ማክሰኞ ፈገግ አለችልኝ። ደስታ ቢሆን ኖሮ ትደብቂው ነበር። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ 'ተሽሎሃል እኮ፣ አምሮብሃል' ሲለኝ የተደገፍኩት አንቺን ነው፤ የማትዋሺኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። እሁድ እመጣለሁ። እውነቱን ለእናትሽ እኔው ነግሬ እመለሳለሁ። በውሸት ሰው ቤት አልገባም። ከእንግዲህ ወደ ሱቄ"

ከዚህ በታች ያለው ቃል እንደ አሸዋ ቅንጣት ሆኗል። አጉሊ መነጽሯን አወጣች። "ናፈቅሽኝ" አይደለም። "አትምጪ" ይላል።

አርብ ከሥራ ስትወጣ ሄደች።

ሱቁ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ያላለቁ ሰሌዳዎች ተደግፈዋል፤ "ፀጉር ቤት" የሚለው የመጨረሻ ፊደሉን ይጠብቃል። ድሮ በባዶ እጁ ይጽፋቸው የነበሩትን ፊደሎች አሁን ካርቶን ቀርጾ፣ ክንዱን በዘንግ ላይ አሳርፎ ነው የሚቀባቸው። ስትገባ ብሩሹን አስቀመጠ።

"አትምጪ ብዬሽ ነበር።"

"ትንሽ አድርገህ ስለጻፍከው አልታየኝም።"

ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ወጣ። ፊቱ ባይተባበረውም ሳቅ ነበር። ወዲያው ጠፋ።

"ዋሸሽኝ።"

"አዎ።"

"አሳዝኜሽ?"

"አንተ አላሳዘንከኝም! ለራሴ ነው የዋሸሁት። እናቴን ፈርቼ ነው። ሐኪሞቹ እስኪናገሩ ያለችውን ሦስት ሳምንት እንደ ሰው ሙሽራ ልሁን ብዬ ነው። ሦስት ሳምንት! ይቺ ትበዛብኛለች?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እናቴ ትወድሃለች። አንዴ ከወደደች ደግሞ መመለስ አታውቅበትም።"

"እሷን ልታታልዪልኝ ነው እንዴ?" ድምፁ አልጨመረም፤ መጨመር አይችልም፤ ስለዚህ ቃሉ የበለጠ ከበደ። "ስሚኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ በማንኪያ ታጎርሺኛለሽ። ከአምስት ዓመት በኋላ ስምሽን ለመጥራት ጠዋት ጀምሬ ለምሳ እደርሳለሁ። አባትሽን አይተሻል።"

"አይቻለሁ።"

"አላየሽም። ልጅ ነበርሽ፤ ትምህርት ቤት ትሄጂ ነበር። ያየችው እናትሽ ናት። ከሁላችን ውስጥ የምትናገረውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።"

"ትወደኛለህ?"

ፊቱ ቀለም እንዳልነካው ሰሌዳ ነው።

"መልስልኝ እንጂ!"

"የማይታየውን የምታነሺው አንቺ አይደለሽ?" አላት። "አንሺኝና ንገሪኝ።"

አየችው። በዚያ የማይነቃነቅ ፊት መካከል ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ፤ ከእሷ ላይ ሊያነሳቸው እየፈለገ አቃተው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። መንገድ ላይ እያለቀሰች ስትሄድ የሚያቃጥላት መጠላቷ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለላት! እየተወደደች ነው የተባረረችው።

*

እሁድ እኩለ ቀን ላይ በሩ ተንኳኳ። የከፈተችው እናትየው ናት፤ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳለች። ግድግዳዋ ከጠረጴዛው አጠገብ ሳህን እንደያዘች ቀረች። ስለ እውነቱ ለእናቷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም ነበር፤ ከማክሰኞ ወዲህ ልትናገር አፏን ከፍታ ዘግታዋለች።

ሰሌዳ ጸሐፊው ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ ደፉ ጋ ቆሟል።

"ግባ እንጂ ልጄ፣ ብርዱን አታስገባብኝ" አለች እናትየው።

"እማማ፣ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አለኝ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "አልያዘም። ልጅዎ ስክሪኑ ላይ ያየችው ጨለማ ነው። የዋሸችዎት ፈርታ ነውና አይቆጧት። እኔ ምሳ ልበላ አልመጣሁም። ይህን ልነግርዎትና ልሰናበትዎት ነው።"

እናትየው ወደ ልጇ ዞረች። "እውነቱን ነው?"

"እውነቱን ነው፣ እማዬ።"

ከምድጃው ላይ ሾርባው ሲንተከተክ ይሰማል። የሚያወርደው ሰው የለም።

"አሥራ አንድ ዓመት" አለች እናትየው፤ ድምጿ ቀስ ብሎ ነው የጀመረው። "ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። በየሁለት ሰዓቱ! አንቺ 'አባዬ ተኝቷል?' ብለሽ ትሄጂ ነበር፤ እኔም 'ተኝቷል' እልሽ ነበር። በመጨረሻው ዓመት በስሜ አልጠራኝም። የሚጠራኝ ሲጠፋ እኔም ረሳሁት። ያን ሁሉ የዋጥኩት አንቺ መልሰሽ እንድትገቢበት ነው? ለዚህ ነው ያሳደግኩሽ?"

"ለዚህ አይደለም" አለ ሰሌዳ ጸሐፊው። "አትገባበትም። እኔ መሄዴ ነው፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።"

መሄዱ ነበር። ግን አልሄደም።

ይህ በሽታ በር ላይና ጠባብ ቦታ ላይ ሰውን ይይዛል። እግር መሬት ላይ ይጣበቃል። ዞሮ መመለስ ደግሞ ከመግባት ይብሳል። ትከሻው ወደ ውጭ ዞረ፤ ጫማዎቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ተረከዙ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይንዘፈዘፋል። ሊሰናበት የመጣ ሰው በሁለት ሴቶች ፊት መሄድ አቃተው። ግንባሩ ላቦት አወጣ።

"ይቅርታ" አለ። "አንዴ። አንዴ ብቻ ታገሱኝ። አሁን እሄዳለሁ።"

ግድግዳዋ ሳህኑን ጥላ ሮጠች። ክንዱን ጨብጣ ወደ ውስጥ ጎተተችው። ደረቱ መጣ፣ እግሩ ቀረ፤ እንደ ተቆረጠ ግንድ ተንጋደደ። የበሩን መቃን ይዞ ለጥቂት ተረፈ። ይህን ያደረገው የትኛው የአንጎሉ ክፍል እንደሆነ እሷ በጣቷ ልታሳይ ትችላለች፤ ስንቱን አንጎል አይታለች! አንድ ሰው ስንዝር የማትሞላ ደፍ እንዴት እንደሚሻገር ግን አታውቅም።

"አትጎትቺው!" እናትየው ጮኸች። "ልቀቂ! ሲጎተቱ ነው የሚወድቁት።"

መጥታ ልጇን በክርኗ ገፋ አደረገቻት። የሰውየውን ፊት አላየችም፤ ያየችው ጫማውን ነው። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ባዶ እግሯን በቀኝ ጫማው አፍንጫ ፊት አጋድማ አስቀመጠች።

"ደፉን ተወው። ደፍ የሚባል ነገር የለም፣ እሺ? ይቺን እግሬን አየሃት? አሮጊት ናት፣ እንዳትረግጣት። ተሻገራት።"

ዓይኖቹ ወረዱ። ጫማው ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ብድግ አለ፤ እግሯን ተሻግሮ ወለሉ ላይ አረፈ።

"ጎበዝ። አሁን ግራውን። አትቸኩል፣ ማን ያባርርሃል?"

ቤት ውስጥ ገባ።

የእናትየው እግር እዚያው ደፉ ላይ እንደተጋደመ ቀርቷል፤ ማንሳቱን የረሳችው ይመስል ነበር።

"አባትሽን በዚህ እንደማሻግረው ያወቅኩት በአራተኛው ዓመት ነው" አለች፣ ልጇን ሳታያት። "የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም። አራት ዓመት ጎትቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ እጁን ሰብሬበታለሁ፤ በእኔ ጉተታ።" አገጯን በመዳፏ ያዘች።

"እማዬ፣ እንግዲያው..."

"ዝም በይ! አልመረቅኩም። ገና እየተናደድኩ ነው። ወደፊትም እናደዳለሁ።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "እማማ፣ እኔ እኮ ልሄድ ነው" ብሎ ሰሌዳ ጸሐፊው ሲጀምር፣ "አንተ ደግሞ የት ልትሄድ? መውጫው ያው በር ነው፤ እስክትወጣ ሾርባው ያርራል" አለችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "ነይ ወዲህ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይቆማል፤ ሁሌም እዚያ ይቆማሉ። ጫማሽን አውልቂ።"

ግድግዳዋ ጫማዋን አወለቀች። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ሰሌዳ ጸሐፊው ቀስ እያለ እስከ ወንበሩ ደረሰ፤ እናትየው እንዳለችውም እግሩ እዚያ ተጣበቀ። በጠረጴዛውና በወንበሩ መካከል ቆማ፣ እንደ እናቷ ባዶ እግሯን ከፊቱ አጋደመች።

"ራቅ አድርጊው። እንደሱ። እሱን አትዪ፣ እግሩን ተመልከቺ" አለች እናትየው ከኋላዋ።

"እረግጥሻለሁ" አለ ሰውየው በሹክሹክታ።

"እርገጠኝ።"

ጫማው ከመሬት ሳይነሳ ቆየ። ግድግዳዋ ጠበቀች። ማክሰኞ ያ ጨለማ ስክሪን አሳዝኗት ነበር፤ አላስፈራትም ነበር። አሁን ግን፣ በእግሯ ጣቶች ላይ ቅዝቃዜው እየወጣ፣ አንድ እርምጃ ምን ያህል እንደሚረዝም ሲገባት፣ እናቷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያነገበችው ፍርሃት በሙሉ ክብደቱ መጥቶ ልቧ ላይ ተቀመጠ። ፊቷን መዝጋት አቃታት። ተንቀጠቀጠች፣ እንደ እሱ፤ እግሯን ግን ካጋደመችበት አላነሳችም።